በአውቶቡስ ውስጥ መጠጣት ይገባልን?



ጾም ሲገባ ብዙ ጊዜ የምንጠያየቀው ስለሚበላውና ስለማይበላው ነው። ይሄ ይፈቀዳል? ያኛውስ? እስከ ስንት ሰዓት ነው? ጥያቄው መልካም ነው፤ ሥርዓትን ማወቅ ግዴታችን ነውና። ነገር ግን ሥርዓቱን ጠብቀናል እያልን ባልንጀራችንን የምናሳዝንበት ጊዜ አለ። ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። የምጽፈውም ሌላውን ለመክሰስ ሳይሆን ራሴን ለመውቀስ ነው።

በ2015 ዓ.ም. በገብር ኄር ሳምንት ከደሴ ወደ መካነ ሰላም እሄድ ነበር። በዚያ ዓመት የሙስሊም ወገኖቻችን ረመዳን ከዐቢይ ጾማችን ጋር ተገጣጥሞ ስለነበር፣ ከሕፃናቱ በቀር በመኪናው ውስጥ ያለው ሰው አብዛኛው ጾመኛ ነበር ማለት ይቻላል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከመናኸሪያ ወጣን። ከአጠገቤ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ፣ ከፊታችን ሕፃን ያቀፈች እናት፣ ከኋላችን ደግሞ ለቅሶ ደርሰው የሚመለሱ ሁለት ጎልማሶች ተቀምጠዋል።

ለጋምቦ ስንደርስ ደጋው ብርዱን ለቀቀብን፤ መስኮቱ ሁሉ ተዘጋ። ከኋላ ካሉት አንዱ ሰዓቱን አየና «ዘጠኝ ሰዓት ሞላ፣ ጾሙ ተፈታ!» ብሎ ከቦርሳው በሃይላንድ የተሞላ አረቄ አወጣ። ጓደኛው «ኧረ ሰው አለ» ቢለው፣ «ምን አለበት? አረቄ እንደሆነ ከእህል ነው የሚወጣው፤ ሥጋ አይደል፣ ቅቤ አይደል!» አለው። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው መኪናውን ሞላው። ከዚያም ትከሻዬን ነካ አድርጎ «እንካ ወንድሜ፣ ብርድ ነው፣ ቅመስ» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ አረቄው አላማረኝም። ነገር ግን ሐዘንተኛ ነው፣ እምቢ ብለው ይከፋዋል ብዬ በይሉኝታ ተቀበልኩና ተጎነጨሁ። ብዙም ሳይቆይ ከፊታችን ያለው ሕፃን ሽታውና የመንገዱ ጥምዝምዝ ተደራርበውበት አስመለሰው። እናቱ ፌስታል ፍለጋ ስትንደፋደፍ፣ አጠገቤ ያሉት አባት የአንገት ፎጣቸውን ፈትተው ሰጧት። ቀጥሎም ማዕተቤን አዩና «ልጄ፣ ጾማችሁ እስከ ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው አባቴ» አልኳቸው። «እሺ፣ አላህ ይቀበላችሁ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እርሳቸው ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ የእኔን የአረቄ ሽታ እየተነፈሱ ሊጓዙ ነው። እኔ ደግሞ ሰዓቱን ጠብቄ፣ ፍስክም ሳልነካ፣ ጾሜን አፍርሼ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሰዎች አብረው በሚጓዙበት መኪና ውስጥ መጠጣት ይገባልን? ብዙዎቻችን የምናቀርባቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው «መጠጥ ምን ኃጢአት አለው?» የሚለው ነው። በርግጥ ቤተ ክርስቲያናችን መጠጥ በራሱ ርኩስ ነው ብላ አታስተምርም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሠርግ ውኃውን ወይን አድርጎታል (ዮሐ. 2፥1-11)። ቅዱስ ጳውሎስም ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ዛሬም ለቅዱስ ቁርባን ከዘቢብ የተዘጋጀ ወይን እናቀርባለን። ስለዚህ ነገሩ ያለው ጠርሙሱ ውስጥ ብቻ አይደለም። ማን፣ መቼ፣ የት፣ በማን ፊት ጠጣው? የሚለው ነው። ያው ሐዋርያ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ፣ ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ሥጋ አለመብላት፣ ወይንም አለመጠጣት መልካም መሆኑን አስተምሯል (ሮሜ 14፥21)። ልብ በሉ! የተፈቀደውን ነገር ነው ተው ያለው። የተከለከለውን መተው ግዴታ ነው፤ የተፈቀደልንን ስለ ሌላው ብለን መተው ግን ፍቅር ነው።

ሁለተኛው «ሒሳቤን ከፍያለሁ፣ በወንበሬ ተቀምጬ ብጠጣ ማንን ነካሁ?» የሚለው ነው። ወገኔ፣ የከፈልከው የወንበሩን ነው እንጂ የአየሩን አይደለም። ጠላ ቤት የሚገባ ሰው ሽታውንም ጨዋታውንም ፈልጎ ይገባል፤ ካልተመቸው ይወጣል። አውቶቡስ ውስጥ ያለው ሰው ግን የት ይሂድ? ከአቀስታ በላይ ባለው ደጋ፣ በብርድና በጉም መሐል «ወራጅ አለ!» ብሎ ይውረድ? ሕፃኑስ? ነፍሰ ጡሯስ? መጠጥ ለመተው ስንት ዓመት ሲታገል የኖረው ወንድማችንስ? ሽታው ብቻ ወደ ኋላ ሊመልሰው ይችላል። ሴት ልጅ ብቻዋን ስትጓዝ የሞቀው ሰው አጠገቧ ቢቀመጥ ፍርሃቷን ለማን ትናገራለች? መሸሽ በማይችል ሰው ላይ የምናደርገው ነገር፣ ትንሽ ቢመስለንም፣ ትንሽ አይደለም።

ሦስተኛው «እኔ አልነዳ! ሹፌሩ ካልጠጣ ምን ችግር አለው?» የሚለው ነው። ጠጥቶ ማሽከርከርን ሕግ ይከለክላል፤ ይህንን ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን መጠጥ ጨዋታ ያመጣል፤ ጨዋታው ጩኸት፣ ጩኸቱም ጠብ ይሆናል። ሹፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ «ኧረ ተረጋጉ!» የሚልባት አንዲት ቅጽበት በእኛ አገር መንገድ ብዙ ናት። በ2010 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ በዚሁ በዐቢይ ጾም፣ በለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ወገኖቻችንን ማጣታችን አይዘነጋም። ምክንያቱ መጠጥ ነበር ማለቴ አይደለም። ገደሉ ለትንሽ ስሕተት እንኳ ቦታ እንደማይሰጥ ለማስታወስ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ የሰው ሁሉ ነፍስ በሹፌሩ እጅ ናት፤ የሹፌሩ ልብ ደግሞ በእኛ ጠባይ ይረጋጋል ወይም ይረበሻል።

አራተኛው «እንግዲያው መንግሥት ይከልክለና!» የሚለው ነው። መከልከሉስ መልካም ነው፤ ሕግ አፍ አውጥቶ መናገር ለማይችለው ይናገራልና። በለንደን ከተማ በአውቶቡስና በምድር ውስጥ ባቡር መጠጣት የተከለከለው በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 ቀን 2000 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ነገር ግን በዋዜማው ማታ ብዙ ሰዎች «የመጨረሻችን ነው» ብለው ባቡሩ ውስጥ ተሰብስበው ጠጡ። ረብሻ ተነሥቶ የተዘጉ ጣቢያዎችም ነበሩ። ሕጉ ጠርሙሱን ከእጅ ያስጥላል፤ ልብን ግን ሕግ ብቻውን አይለውጥም። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜያቸው 21 ዓመት ላልሞላ ልጆች መጠጥ እንዳይሸጥ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥንም እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። ልጆቻችን በቴሌቪዥን እንዳያዩት አዋጅ ወጣላቸው። እኛ ግን አውቶቡስ ውስጥ ዓይናቸው ሥር ብንከፍተው፣ ከማስታወቂያ በምን እንሻላለን?

ምእመናን ሆይ! ጾም የሆድ ብቻ ሳይሆን የዓይን፣ የጆሮና የአንደበትም መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ በዜማ ስንሰማው አድገናል። ነቢዩ ኢሳይያስም እየጾሙ የራሳቸውን ፈቃድ ብቻ የሚከተሉትን ገሥጿል (ኢሳ. 58)። እኔ በዚያች ቀን የጎደለኝ እውቀት አልነበረም። ይሉኝታ አሸነፈኝ። ሐዘንተኛውን ላለማስከፋት ብዬ ሕፃኑንም እናቱንም ሽማግሌውንም አስከፋሁ። ሐዘንተኛውንስ ጠቀምኩት? አልጠቀምኩትም! የሚያስፈልገው አብሮት የሚጠጣ ሳይሆን አብሮት የሚያወራ ሰው ነበር። «ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ማን ሞቶብህ ነው?» ብለው ኖሮ ጠርሙሱን ራሱ ይዘጋው ነበር ይሆናል። አልጠየቅሁትም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ስንሣፈር መጠጥ ይዘን አንግባ፤ ለቤት የያዝነው ካለም ቤት እስክንደርስ አይከፈት። ሰው ቢጋብዘን ሳናዋርደው፣ በለሆሳስ «ይቅርብን ወንድሜ፣ ሕፃን አለ፣ ጾመኛ አለ» እንበለው። ረዳቱና ሹፌሩ ሲከለክሉ ደግሞ ዝም ብለን አንይ፤ ከጎናቸው እንቁም። የጠጣውንም ሰው አንሳደብ፤ ኖኅ በወይን ሰክሮ በተራቆተ ጊዜ ልጆቹ ሴምና ያፌት ወደ ኋላ እየሄዱ ሸፈኑት እንጂ አልሳቁበትም (ዘፍ. 9፥20-23)።

የገብር ኄር ሳምንት ወንጌል በጥቂቱ የታመነውን አገልጋይ ያስተምረናል (ማቴ. 25፥14-30)። የጥቂት ሰዓት መንገድ ጥቂት ናት፤ አጠገባችን የሚቀመጠውንም እንግዳ ከመናኸሪያ በኋላ ዳግም ላናገኘው እንችላለን። ነገር ግን ለዚያች ሰዓት ለእኛ የተሰጠን እርሱ ነው። እኔ ያን አባት ዳግም አላገኘኋቸውም፤ ይቅርታም አልጠየቅኋቸውም። ስማቸውን ባላውቀውም በጸሎቴ አስባቸዋለሁ።

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ወደዚያ የምንሄድበት መኪናም የሰላም ስፍራ ይሁን። ጾሙን የበረከት፣ የፍቅርና የንስሐ ጾም ያድርግልን፤ መንገደኞችን ሁሉ በሰላም ወጥተው በሰላም የሚገቡ ያድርግልን፤ አሜን።