ለልጅ ስለሚሰጥ ስልክ

አንባቢ ሆይ፥ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ መልሱንም ለእኔ ሳይሆን ለገዛ ልብህ ንገረው። ልጅህ ባስቸገረህ ጊዜ ስልክህን ከኪስህ አውጥተህ ስትሰጠው፥ በዚያች ሰዓት የሚያርፈው ማን ነው? ልጁ ነውን፥ ወይስ አንተ ነህ?

ይህን መጠየቄ የዘመኑን ዕቃ ለመንቀፍ አይደለም። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ብዙ ሰው ተምሮበታል። በዓረብ አገር ሠርታ የምታድር እናትም የልጅዋን ፊት የምታየው በስልክ መስኮት ነው፤ ይህን ከንቱ የሚል ሰው ቢኖር ልብ የለውም። የእኔ ነገር ዝምታን ለመግዛት ስለሚሰጠው ስልክ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ 2 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከመስኮት ፊት እንዳይቀመጥ፥ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለውም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ፥ ከዚያም ቢያንስ የተሻለ እንደሆነ መክሯል። የ3 ዓመት ልጅ በመዓልትና በሌሊት ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ይገባዋል፤ በምሽት ከስልክ የሚወጣው ብርሃን ግን እንቅልፍ እንዲመጣ የሚያደርገውን የሰውነት ቅመም ያዘገየዋል። ደግሞም ሕፃን ንግግር የሚለምደው በመመላለስ ነው፤ እርሱ ይኮላተፋል፥ እናቱ ትመልስለታለች፥ እርሱም ይደግማል። በስልኩ ላይ የሚዘልለው ሥዕል ግን የሕፃኑን መልስ ሳይጠብቅ ይናገራል።

ይልቁንም ይህን አስተውል። ተረት ያልቃል፤ ቡናም ከሦስተኛው በኋላ ይነሣል። ይህ ግን አንዱ ሥዕል ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንዲጀምር ሆኖ የተሠራ ነው፤ የሠሩትም ሰዎች ይህን ያደረጉት ዐይን እንዳይነሣ ነው፥ ትርፋቸው ከዚያ ነውና። እኔና አንተ በመኝታችን ላይ ሆነን ማቆም ሲያቅተን፥ የ4 ዓመት ልጅ በምን ኃይሉ ያቆመዋል?

እኛም እንዲህ ተይዞ ዝም ያለውን ልጅ ለእንግዳ እያሳየን «ጭምት ነው» እንላለን። ጭምትነት ግን መናገር እየቻለ፥ መሮጥ እየወደደ፥ ስለ ሌላው ሰው ብሎ ራሱን የገታ ልጅ ጠባይ ነው። ስልኩን ከእጁ ወስደህ እየው፤ ጭምት የነበረ እንደሆነ ያን ጊዜ ታውቃለህ።

አንዳንድ ሰው፥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ከሰል አጠገብ የምታበስል ብቸኛ ሴት ምን ታድርግ? ይለኛል። እውነት ነው፤ ልጅዋን ከእሳት ለማራቅ ስልክ ብትሰጠው አልፈርድባትም፥ የሚፈርድባትም ሰው አስቀድሞ ሄዶ ልጁን ይያዝላት። ነገሬ ከሥራ ገብቶ በወንበር ላይ ከተዘረጋው አባት ጋር ነው። እርሱ በአንድ ስልክ፥ ልጁ በሌላ ስልክ አጎንብሰው፥ በአንድ ቤት ሳሉ አይተያዩም። እንዲህ ያለው አባት «ዘመኑ ነው» ሲል፥ ለዘመኑ ምን በደል ተገኘበት እላለሁ።

ስልኩን በተወሰነ ሰዓት ብታነሣበት ልጁ አስቀድሞ ያለቅሳል፥ ይህን አልሸሽግህም። ቀጥሎም ሰለቸኝ ይልሃል። ታገሠው፤ መሰልቸት አይገድለውም። ጥቂት ቆይቶ ቆርኪ ይለቅማል፥ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ይሠምራል፥ ይጣላል፥ ይታረቃል፥ ልብሱን በአፈር ለውሶ ይገባል። ቤትህም እንደ ትናንቱ ጸጥ አይልም። ማታ ደግሞ አጠገብህ ተቀምጦ እንቆቅልሽ ይልህ ይሆናል፥ መልሱም ይጠፋብሃል፤ ያን ጊዜ አገር መስጠትህ ነው።