የአስር ሳንቲም ምክር

ልጆቼ፣ ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣችሁ 0.1 ብላችሁ ስትጽፉ ማሽኑ 0.1ን አይዝም። የሚይዘው እጅግ የተጠጋውን ሌላ ቁጥር ነው፤ ዘርዝራችሁ ብታዩት 0.1000000000000000055511 እያለ ይቀጥላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንላለን። ማሽኑ ግን የሰጣችሁትን ሳይሆን የሚችለውን ነው የሚይዘው፤ ከያዘ በኋላ ነው እንደ ሞኙ የማይለቀው።

ይህ ክፋት አይደለም። ማሽኑ የሚሰፍርበት መስፈሪያ ሁሉ በግማሽ በግማሽ የተሠራ ነው። አንድ ቁና አለው እንበል፤ የቁና ግማሽ አለው፣ የግማሹ ግማሽ አለው፣ የእሱም ግማሽ፣ እንዲህ እያለ ቁልቁል ይወርዳል። ግማሽ ቁና ስጠኝ ብትሉት አንዴ ሰፍሮ ይሰጣችኋል። ሩብም እንዲሁ። የቁና አንድ አሥረኛ ስጠኝ ካላችሁት ግን ለዚያ የሚሆን መስፈሪያ የለውም። አንድ አሥራ ስድስተኛ ይሰፍራል፣ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ይጨምርበታል፣ ከዚያ እያነሰ እያነሰ በሚሄድ መስፈሪያ ሲጨምር ይቆይና መስፈሪያው ሲያልቅበት እዚያው ላይ ያቆማል።

በኪሳችን ሳንቲም እንየው። ስሙኒና ሽልንግ፣ ማለትም 0.25 እና 0.50 ብር፣ ቅንጣት ሳይጎድልባቸው ይቀመጣሉ። አስር ሳንቲምና አምስት ሳንቲም ግን አይቀመጡም። ከአንድ ሳንቲም እስከ ዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም ካለው ሁሉ በትክክል የሚቀመጡት 25፣ 50 እና 75 ብቻ ናቸው። የቀሩት ዘጠና ስድስቱ በሙሉ ግምት ናቸው። ግምቱ ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ግምት ነው።

እስቲ አስር ሳንቲሟን አሥር ጊዜ ደምሩ። በፓይተንም በጃቫስክሪፕትም የምታገኙት አንድ ብር አይደለም፤ 0.9999999999999999 ነው። አሁን አንድ ወጣት ፕሮግራም ጽፎ «ድምሩ ልክ 1 እስኪሆን ድረስ አስር አስር ሳንቲም ጨምር» ብሎ አዘዘ እንበል። አሥረኛው ላይ ድምሩ 1 አልሆነም። አሥራ አንደኛው ላይ 1ን አልፎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው የለም፤ ፕሮግራሙ ሲደምር ያድራል። ወጣቱ ኮዱን አሥር ጊዜ ቢያነበው ስሕተት አያገኝበትም፣ ምክንያቱም በሰው ሂሳብ ስሕተት የለበትማ።

ማሽኑን ከመርገማችሁ በፊት ግን ፍረዱለት። ድሮ እያንዳንዱ አምራች የየራሱ ቁና ነበረው፤ በአንዱ ማሽን የተሰላ ሂሳብ በሌላው ሲሰላ ሌላ ይወጣ ነበር። በበርክሊ ያስተማሩት ካናዳዊው የሂሳብ ሊቅ ዊልያም ካሃን ከባልደረቦቻቸው ጋር ደክመው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አይ ትሪፕል ኢ 754 የሚባለው ደንብ ወጣና መስፈሪያው አንድ ሆነ። ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 የቱሪንግ ሽልማት ተሰጣቸው። በደንቡ መሠረት ደብል የሚባለው ቁጥር 64 ቢት አለው፤ አንዱ ለመደመርና መቀነስ ምልክቱ፣ 11ዱ ነጥቡ የት እንደሚውል ለመናገር፣ 52ቱ ለራሱ ለአኃዙ። ነጥቡ ከቦታ ቦታ ስለሚንቀሳቀስ ፍሎቲንግ ፖይንት ይሉታል። ይህ ከ15 እስከ 17 አኃዝ ድረስ ያስተማምናል። ከዚያ ወዲያ በስክሪናችሁ ላይ የተደረደረውን አኃዝ አይቶ መመካት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የዝናብ መጠን፣ የሕመምተኛ ሙቀት፣ የመንገድ ርዝመት በዚህ ቢቀመጥ ማንም አይጎዳም። የለካው መሣሪያ ራሱ ከማሽኑ በብዙ እጥፍ ይሳሳታልና። የሚለካ ነገር ከግምት ጋር ተስማምቶ ይኖራል። የሚቆጠር ነገር ነው አልስማማም የሚለው፤ ገንዘብ፣ የመለያ ቁጥር፣ የከብት ብዛት። ልጆቼ፣ ክርክሬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ የምትይዙት ነገር የሚለካ ይሁን የሚቆጠር ገና ኮድ ሳትጽፉ ወስኑ።

«አባባ፣ ለአንዲት ቅንጣት ይህ ሁሉ?» የሚለኝ አይጠፋም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፣ ልጄ። በካናዳ የቫንኩቨር አክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1982 የዋጋ አመልካቹን ከ1000 አስጀመረ። ሽያጭ በተፈጸመ ቁጥር አመልካቹ እንደገና ይሰላል፤ ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ ይያዝና የቀረው ይቆረጣል። ይጠጋጋል አላልኩም፣ ይቆረጣል። የሚቆረጠው ከአንድ ሺህኛ ያነሰ ነው፤ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ነገር ግን ቆረጣው ሁልጊዜ ወደ ታች ነው፣ በቀንም በሺዎች ጊዜ ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም ቢጠጋጋ ኖሮ አንዱ ሌላውን ይክሰው ነበር። ገበያው ደህና ሆኖ ሳለ አመልካቹ ወር በወር ወረደ፤ በኖቬምበር 1983 ወደ 524 ደርሶ ነበር። በትክክል ሲሰላ 1098 ሆኖ ተገኘ። ግማሹን ያህል የበላው ማንም ያልቆጠራት ቅንጣት ናት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለበጎው ብቻ አይደለም።

ሌላው ታሪክ ደም ያለበት ነው፤ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን ከተማ የኢራቅ ስከድ ሚሳይል የአሜሪካ ወታደሮች ማደሪያ ላይ ወድቆ 28 ሰዎች ገደለ። ሊመክተው የቆመው ፓትሪየት የተባለው ፀረ ሚሳይል መሣሪያ አልተኮሰም። የፓትሪየቱ ሰዓት ጊዜን በሰከንድ አሥረኛ ይቆጥር ነበር፤ ቆጠራው በሙሉ ቁጥር ስለሆነ እንከን አልነበረበትም። ወደ ሰከንድ ለመለወጥ ግን በ0.1 ይባዛል፤ ያቺ 0.1 ደግሞ በ24 ቢት ላይ ተቆርጣ የተቀመጠች ነበረች። (ፍሎቲንግ ፖይንት አልነበረም፣ ነጥቡ ከቦታው የማይነቃነቅ አኃዝ ነው፤ ሕመሙ ግን ያው የአሥረኛዋ ሕመም ነው።) መሣሪያው ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል ሲሠራ ቆየ። በዚያን ጊዜ ስሕተቱ የሰከንድ ሲሶ ደርሶ ነበር። ስከድ በዚያች ሲሶ ሰከንድ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ራዳሩም ሚሳይሉን በሌለበት ሰማይ ፈለገው።

ከዚህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ችግሩ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። እስራኤላውያን በዚያው ወር 11ኛው ቀን ላይ፣ መሣሪያው ስምንት ሰዓት ሲሠራ እንኳ ዒላማው እንደሚንሸራተት አሳውቀዋል። በ21ኛው ቀን ለተጠቃሚዎቹ «በጣም ረጅም ጊዜ» ማሠራት ዒላማውን ሊያዛባ ይችላል የሚል መልእክት ተላከ። በጣም ረጅም ማለት ስንት ሰዓት ነው? መልእክቱ አላለም። የታረመው ፕሮግራም ዳህራን የደረሰው በ26ኛው፣ በማግስቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እናንተም ለተጠቃሚው «መጠነኛ ልዩነት ሊኖር ይችላል» ብላችሁ ጽፋችሁ የተገላገላችሁ ሲመስላችሁ ያቺን መልእክት አስቧት። መጠኑ ስንት ነው? ከስንት ድምር በኋላ? ከስንት ሰዓት በኋላ? ልክ የሌለው ማስጠንቀቂያ የጻፈውን ሰው ከወቀሳ ያድን ይሆናል፣ የሚጠቀመውን ግን አያድንም።

ኮዳችሁን ወደ ማሽን ቋንቋ ስለሚለውጠው ስለ ኮምፓይለር ብዙ አልልም። መደመር ቅደም ተከተሉ ቢለወጥ ለውጥ የለውም ብለው በትምህርት ቤት አስተምረዋችኋል። በፍሎቲንግ ፖይንት ግን 0.1 እና 0.2 አስቀድመው ተደምረው 0.3 ሲጨመር 0.6000000000000001 ይወጣል፤ 0.2 እና 0.3 ቀድመው ቢደመሩ ደግሞ 0.6 ብቻ። ደንቡን የሚያከብር ኮምፓይለር ስለዚህ ቅደም ተከተላችሁን አይነካም። «ፋስት ማዝ» የሚባለውን ትእዛዝ ስትሰጡት ግን እንዳሻው እንዲያገለባብጥ ፈቀዳችሁለት ማለት ነው። ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር ከዚህም ይብሳል፤ ትርጉም የለሽ ውጤት፣ ናን የሚሉት፣ ፈጽሞ አይመጣም ብሎ ያምናል። እናንተ ናን መጥቶ እንደሆነ የምትፈትሹበትን መስመር እንደማይረባ ቆጥሮ ሊያነሳው ይችላል። ዘብ አቁማችሁ ራሳችሁ አሰናበታችሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የጃቫ ሰዎችም እ.ኤ.አ. በ1998 ለፍጥነት ሲሉ ደንቡን ትንሽ አላልተው ነበር፤ በ2021 በወጣው ጃቫ 17 ወደ ጥብቁ ሥርዓት ተመለሱ።

ዳታቤዝ ላይ ግን ልቆይ፤ የሰው ገንዘብ የሚያድረው እዚያ ነው። በማይኤስኪውኤል የዋጋውን አምድ ፍሎት አድርጋችሁ 0.1 ብላችሁ አስገቡ። ከዚያ «ዋጋው 0.1 የሆነውን አምጣ» በሉት፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። አምዱ የያዘው የ32 ቢት ግምት ነው፣ ጥያቄያችሁ የሚመዘነው በሰፊው በ64 ቢት ነው፣ ሁለቱ ግምቶች አይገናኙም። ስለዚህ ለብር ዴሲማል ወይም ኑሜሪክ የሚባለውን ዓይነት ምረጡ፤ አሥረኛን እንደ አሥረኛ ይይዛልና። ወይም ሁሉን በሳንቲም ቆጥራችሁ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡት። ኤስኪውላይት ላይ ስትሠሩ ደግሞ ዓይናችሁን ግለጡ። አምዱን ዴሲማል ብላችሁ ብትሰይሙት ስሙን ይቀበላችሁና ውስጥ ለውስጥ ያንኑ ደብል ያስቀምጣል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የአምድን ስም ግን መልአክ አላወጣውም። እዚያ ያለው ማምለጫ በሳንቲም መቁጠር ነው።

ገንዘቡ ከዳታቤዝ ወጥቶ የሚሄድበትን መንገድም ተከተሉ። በፖስትግሬስ በኑሜሪክ በጥንቃቄ የተያዘ ብር ጄሰን በሚባለው የዳታ ቅርጽ ላይ ተጭኖ ጃቫስክሪፕት ዘንድ ሲደርስ ተመልሶ ደብል ይሆናል። ትልልቅ ሙሉ ቁጥሮችም እዚያ ይጠፋሉ፤ ከ9,007,199,254,740,992 ላይ አንድ ብትጨምሩ ያው ራሱ ይመለሳል። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2010 የመለያ ቁጥሮቹ ወደዚህ ልክ ሲጠጉ ቁጥሩን በጽሑፍ መልክም አብሮ መላክ የጀመረው ለዚህ ነው። መለያ የሚደመር ነገር አይደለም፤ ጽሑፍ አድርጋችሁ ያዙት። ስልክ ቁጥርንም በቁጥር አምድ ውስጥ እያስገባችሁ የፊተኛዋን ዜሮ የምትበሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ዴሲማል ያዝኩ ብሎ የተኛም አለ። ቀስቅሱት። እያንዳንዳቸው ሦስት ብር ከሠላሳ ሳንቲም የሆኑ ሦስት ዕቃዎች በአንድ ደረሰኝ ላይ አሉ እንበል። በአሥራ አምስት በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክሱ ለእያንዳንዱ 0.495 ነው፤ ሲጠጋጋ ሃምሳ ሳንቲም፣ ሦስቱ አንድ ብር ከሃምሳ። ቀድማችሁ ደምራችሁ ብታሰሉት ግን ከ9.90 ላይ 1.485 ነው፤ ሲጠጋጋ አንድ ብር ከአርባ ዘጠኝ። ሁለቱም ሂሳብ ልክ ነው። ማጠጋጋቱ ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ፖስትግሬስን 2.5ን አጠጋጋ ብትሉት በኑሜሪክ ሲሆን 3 ይላል፣ በደብል ሲሆን በአብዛኛው ማሽን 2 ይላል። ፓይተንም 2 ነው የሚለው። ገንዘብ ተቀባይዋና ሂሳብ ሹሙ አመሻሽ ላይ በአንዲት ሳንቲም ሲፋጠጡ ያያችሁ እንደሆነ፣ አንዳቸውም ሌባ ሳይሆኑ ሁለት ፕሮግራም በሁለት ልማድ አጠጋግቶባቸው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሪፖርቱ ጫፍ ላይ አንድ ማጠጋጊያ ለጥፎ ልዩነቱን የሚሸፍን አለ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ፤ ልዩነቱ በወሩ መጨረሻ ብዙ ሆኖ ይበቅላል።

መቶ ብርን ለሦስት ሰው አካፍሉ። ለየሰው ሠላሳ ሦስት ከሠላሳ ሦስት ይደርሳል፣ አንዲት ሳንቲም ትተርፋለች። ያቺ ሳንቲም የማን ናት? ይህን ኮምፓይለር አይፈርድም፣ ዳታቤዝም አይፈርድም፤ ባለ ገንዘቦቹ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ነው። ለመጀመሪያው ይሁን፣ ለመጨረሻው ይሁን፣ ብዙ ላዋጣው ይሁን፣ ሁሉም ያስኬዳል። ስለዚህ ሠንጠረዡን ስትፈጥሩ ከአምዱ ስም አጠገብ ጻፉት፤ ታክሱ የሚጠጋጋው በየመስመሩ ነው ወይስ በድምሩ፣ ግማሽ ሲመጣ ወዴት ይሄዳል፣ የተረፈችዋን ማን ይወስዳል፣ ይህን ማን ወሰነ፣ መቼ።