ዝምታ የባለቤቱ ብቻ ነውን?

በሸንጎ መካከል ሐሰት ሲነገር ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ኋላ ቢጠየቅ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ብናገርስ ምን እለውጥ ነበር?» የሚል ነው። መልሱ ትሕትና ይመስላል። ብዙዎችን ተከትሎ ፍርድን ማጣመም እንዳይገባ የሙሴ ሕግ አስቀድሞ ከልክሏል፤ ነገር ግን በዚህ የምንመረምረው የአንድ ሰው ቃል በእውነት እንዲህ ቀላል እንደ ሆነ ነው።

ይህን በፈተና ለማየት የሞከረ ሰሎሞን አሽ የሚባል በአሜሪቃ የነበረ የሥነ ልቡና መምህር ነው። ፈተናውን በ1951 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር አሳተመ። ጥቂት ተማሮች በአንድ ክፍል ተሰብስበው፤ ከሦስት መስመሮች የትኛው ከሌላ አንድ መስመር ጋር እኩል እንደ ሆነ በየተራቸው ድምፃቸውን አሰምተው ይናገራሉ። ልጅ እንኳ የማይስተው ነገር ነው። ነገር ግን ከተሰበሰቡት አንዱ ብቻ በቅን መጥቷል፤ የቀሩት ከመምህሩ ጋር በምስጢር የተማከሩ ናቸው። ከ18 ጥያቄዎች በ12ቱ ሁሉም በአንድ ቃል ሐሰቱን ይመልሳሉ።

ብቻውን ሲሆን ከመቶ አንድ እንኳ የማይስተው ሰው በዚህ ጉባኤ መካከል ከሦስት መልስ አንዱን ያህል ከብዙዎቹ ጋር አብሮ ሳተ። ይህን የሚተርኩ ሰዎች «የሰው ልጅ የበግ መንጋ ነው» ብለው ይፈርዳሉ። ለእኔ ችኩል ፍርድ ይመስለኛል፤ ከሦስቱ መልስ ሁለቱ እውነት ነበረና፤ ከአራት ሰዎችም አንዱ ያህል ከቶ አልተናወጠም። ከሳቱትም አንዳንዶቹ «ጉድለቱ ከእኔ ይሆናል» ብለው ዐይናቸውን ተጠራጠሩ፤ ሌሎቹ ግን እውነቱን እያዩ መለየትን ፈሩ። መልሳቸውን በጽሑፍ ብቻ እንዲሰጡ በተደረገ ጊዜ ስሕተቱ እጅግ አነሰ።

ለጥያቄያችን የሚረባው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አሽ ከተማከሩት መካከል አንዱን እውነቱን እንዲናገር አደረገው። የቀሩት በሐሰታቸው ጸኑ። ያን ጊዜ ያልተማከረው ሰው ስሕተት ቀድሞ ከነበረው ወደ ሩቡ ወረደ። እውነት የተናገረው ሰው ከብዙዎቹ አንዱን እንኳ አልመለሰም፤ በቍጥር ተሸንፏል፤ ነገር ግን አጠገቡ ሲጨነቅ የነበረውን ሰው አንደበት ፈታ። ያው ባልንጀራ በመካከል ወደ ብዙዎቹ በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ስሕተቱ ወዲያው እንደ ገና በዛ።

ከዚህም የሚደንቅ አለ። ከብዙዎቹ የተለየው ሰው ራሱ ስቶ ሌላ ሐሰት ቢናገር እንኳ፤ ያልተማከረው ሰው ብዙዎቹን መከተሉ ቀነሰ። ይህ ለእኛ ለመምህራን ወገን የሚከብድ ነገር ነው፤ ያልተገባ ቃል ያመጣን ተማሪ በሣቅ ለማሳፈር እንቸኩላለንና። የተሣቀበት ስቶ ይሆናል፤ ከጎኑ ያለው ግን እውነተኛውን ቃል ይዞ ሊነሣ ሲል ሣቁን ሰምቶ ይቀመጣል።

«ስለ መስመር ርዝመት መናገር ምን ያስፈራል? የሚያስፈራው የአለቃ ትእዛዝ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው። ከአሽ ጋር ሠርቶ የነበረው ስታንሊ ሚልግራም በ1961 እና በ1962 በዬል ዩኒቨርሲቲ የመረመረው ይህንኑ ነው። ሰዎችን አስመጥቶ፤ በመልሱ የሚስተውን ሰው ኃይሉ እያደገ በሚሄድ ኤሌክትሪክ እንዲቀጡ አዘዛቸው። ኤሌክትሪኩ የማስመሰል ነበር፤ ታዛዦቹ ግን ይህን አያውቁም። ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው ታዘዙ። በሌላ ጊዜ ግን ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ሁለት የተማከሩ ባልንጀሮች አብረው ተቀምጠው፤ በመካከል እምቢ ብለው ሥራውን ተዉ። ያን ጊዜ ከ40ው እስከ መጨረሻው የሄዱት 4 ብቻ ናቸው።

እምቢ ካሉት ከ36ቱ አብዛኞቹ ኋላ ሲጠየቁ፤ ሁለቱ ሰዎች ባይኖሩም ከመካከል እናቆም ነበር ብለው መለሱ።