የገዢ ሚዛን

ስለ ሐሰተኛ ሚዛን በተነሣ ቍጥር የሚወቀሰው ሻጭ ነው። ቁናውን ያጐደለ፣ በቅቤ ውስጥ ሙዝ የጨመረ፣ ከበርበሬ ጋር ቀይ አፈር የፈጨ ሁሉ በየሸንጎው ሲዘለፍ እንሰማለን፤ ወቀሳውም የተገባው ነው። ዳሩ ግን እኔ አርባ ዓመት ያህል ልጆች ሳስተምር ስለ ገዢ ሚዛን አንድ ቀን እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ገዢ የሚቀበል እንጂ የሚሰፍር አይመስለኝም ነበርና። እርሱም ሚዛን እንዳለው የተረዳሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በገዛ እጄ ባጐደልሁት ጊዜ ነው። ወጣት ወዳጆቼ፣ እኔ በስተርጅና የተማርሁትን እናንተ በማለዳ እንድታውቁት ብዬ ይህን ጽፌላችኋለሁ።

የምኖርባት ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። በልጅነቴ ስኳርና ጨው የምንገዛው ሐጂ እያልን ከምንጠራቸው ባለ ሱቅ ነበር። ሐጂ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጠው የተጠየቁትን ዕቃ እያወረዱ ይሰጣሉ፤ ገዢው ከባንኮኒው ወዲህ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ በእጁ የሚነካው ነገር የለም። በገበያም ቀን እናቴ ማሽላ ስትገዛ፣ ቁናው ከሞላ በኋላ ሻጪቱን «መርቂልኝ» ትላታለች፤ ሴትዮዋም አንድ እፍኝ ትጨምርላታለች። ይህ ጭማሪ ምርቃት ይባላል። ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው የሚሰጡትን በረከትና ይህን አንድ እፍኝ እህል አባቶቻችን በአንድ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

በሐጂ ሱቅ ደግሞ የዱቤ ደብተር ነበረ። ሐጂ ካረፉም በኋላ ልጃቸው ደብተሩን አላቋረጠውም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ራያ ቆላ በወረደ ጊዜ ባንክ ተዘጋ፤ የእኔም ጡረታ ቆመ። በዚያን ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ጨውና ሳሙና ያገኘው ስሙን በዚያ ደብተር ላይ እያስጻፈ ነው። ዋስ የጠራ አልነበረም። ባለ ሱቁ ፊታችንን ያውቃል፤ የአባቶቻችንን ስም ያውቃል፤ ዋሱ ይኸው ነበረ። ሰላም ወርዶ ባንክ በተከፈተ ጊዜም ሄደን ከፈልን፤ ስማችንም ተሰረዘ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በጎዳናው ዳር «ሱፐርማርኬት» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ሱቅ ተከፈተ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ትንሽነቱን አይቶ ሊሥቅ ይችላል፤ ለእኛ ግን አዲስ ነገር ነው። ባንኮኒ የለውም። ገዢው ከበሩ ቅርጫት ያነሣል፤ በመደርደሪያዎቹ መካከል እየተዘዋወረ ዘይቱንና ፓስታውን ራሱ ይመርጣል፤ ዋጋው ተጽፎ ተለጥፏል፤ ሲጨርስ በበሩ አጠገብ ለተቀመጠችው ገንዘብ ተቀባይ ከፍሎ ይወጣል። ክርክር የለም፤ ምርቃትም የለም።

ይህን ዐይነት ግብይት ያስለመደው ክላረንስ ሳንደርስ የሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1916፣ በእኛ 1908 ዓ.ም. ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በቴነሲ ግዛት በሜምፊስ ከተማ «ፒግሊ ዊግሊ» የተባለ መደብር ከፈተ። ከዚያ በፊት በዚያም አገር ልማዱ እንደ ሐጂ ሱቅ ነበር። ሳንደርስ ገዢውን ወደ ውስጥ አስገብቶ ቅርጫት አስያዘው። ዕቃ የሚያቀብል ሠራተኛ ስላነሰም ወጪው ቀለለ፤ በዝቅተኛ ዋጋ ለመሸጥም ቻለ። ሥርዐቱ ከዚያ ወዲህ ዓለምን አዳርሶ እነሆ ዋጃ ደርሷል።

ብዙ ሰዎች ይህን የንግድ ብልሃት ብቻ አድርገው ያዩታል። ለእኔ ግን ከብልሃቱ በታች ሌላ ነገር ይታየኛል። ሐጂ ዱቤ የሚሰጡት ለሚያውቁት ሰው ነበር። ይህ አዲስ ሱቅ ግን ስሙን ለማይጠይቀው መንገደኛ እንኳ ዕቃውን ሁሉ ክፍት አድርጎ ይጠብቀዋል። ከመደርደሪያው አንሥተን እስከ በሩ ድረስ የምንይዘው ዕቃ ሁሉ እንግዲህ ያልተጻፈ ዱቤ ነው። ደብተሩን የሚይዘው ደግሞ ገዢው ራሱ ነው፤ ይኸውም ሕሊናው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ባለፈው ግንቦት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ከዚያ ሱቅ ዘይት፣ ሳሙናና ስኳር ገዛሁ። ሒሳቡ 640 ብር ሆነ፤ አራት ባለ 200 ብር ኖቶች ሰጠሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ በስምንተኛ ክፍል ያስተማርኋት ልጅ ናት፤ እንደ ልማዷ ከወንበሯ ተነሥታ መልሱን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ቤቴ ደርሼ ስቈጥረው 160 ሊሆን የሚገባው ገንዘብ 260 ሆኖ አገኘሁት። በባለ 100 ፈንታ ባለ 200 ኖት ሰጥታኛለች።

በመጀመሪያ ልመልስ ብዬ ተነሣሁ። ቀጥሎ የግንቦት ፀሓይ ታየኝና «ነገ» አልሁ። በማግሥቱ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። «እኔ አልወሰድሁም፤ እርሷ ናት የሰጠችኝ» አልሁ። «ይህ ሱቅ የስኳሩን ዋጋ በየጊዜው ሲጨምርብኝ መቼ ይቅርታ ጠየቀኝ?» አልሁ። በመጨረሻም «ሱቅ እኮ ሰው አይደለም፤ 100 ብር ምኑን ይጐዳዋል?» አልሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው፣ ምክንያት ስደረድር ሐሰት መሆኑን ልቤ ያውቅ ነበር። ገንዘቡ የሐጂ ልጅ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት ከቤቴ አላሳድረውም ነበርና። የሐጂ ልጅ ፊት አለው፤ የሰሌዳው ሱቅ ግን ፊት የሌለው መሰለኝ።

በአምስተኛው ቀን ክብሪት ልገዛ ሄድሁ። ልጅቱ «ጋሼ፣ ደኅና ዋሉ?» አለችኝ፤ ድምጿ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ምን እንደ ሆነች ብጠይቃት፣ «ባለፈው ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ከመሳቢያው 100 ብር ጐደለ፤ ከደመወዝሽ ይቈረጣል ተባልሁ» አለችኝ። ወር ሙሉ ሠርታ የምታገኘው 3000 ብር ነው። ፊት የለውም ያልሁት ሱቅ ለካ የዚህች ልጅ ፊት ኖሮታል፤ እኔም በኪሴ ይዤ የዞርሁት የአንድ ሙሉ ቀን ድካሟን ነው።

ኖቱን አውጥቼ ከፊቷ አስቀመጥሁና «ልጄ፣ ገንዘቡ እኔ ዘንድ ነው ያለው። በዚያው ዕለት አውቄው ነበር» አልኋት። ትቈጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሷ ግን ገንዘቡን ሳትነካ ጥቂት ቆየችና «እኔ እርስዎን ለአፍታ እንኳ አላሰብኩዎትም» አለች። «ሁለት ጫኝና አውራጅ ልጆች ብር ዘርዝሪልን ብለውኝ ነበርና እነሱ አታለውኝ ነው ብዬ በሰው ፊት ሌቦች አልኋቸው። ከዚያ ወዲህ ደጃችን አልደረሱም።»

ይህን ስሰማ ያፈርሁትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም። እኔን ሽበቴና መምህርነቴ ጋረዱኝ፤ እነርሱን ግን ያደፈ ልብሳቸው ከሰሳቸው። መቶ ብሩን መመለስ ቀላል ነበር። የሰውን ስም መመለስ ግን እንዲህ አይቀልም። ከልጆቹ አንዱን መናኸሪያው አጠገብ ሸክም ላይ አገኘሁት፤ ወደ ሱቁ ይዤው ሄጄ በነበሩት ገዢዎች ፊት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ፤ ልጅቱም ይቅርታ ጠየቀችው። ሁለተኛው ግን ሥራ ፍለጋ ከአገር ወጥቷል አሉኝ። የማይገባውን ስም ተሸክሞ ሄደ። የእርሱ ሒሳብ እስከ ዛሬ በእኔ ላይ ነው።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «ነጋዴው ዋጋ እየቈለለ ሲበድለን እኛ ብቻ ታማኝ የምንሆነው ስለ ምንድር ነው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ ኑሮ መክበዱን ጡረተኛ ይበልጥ ያውቀዋል። ዋጋው ያላግባብ መስሎ ከታያችሁ በግልጽ ተከራከሩ፤ ከሌላ ሱቅ ግዙ፤ ለንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቱ፤ የሸማቾች ማኅበር ካለ በዚያ ተገልገሉ። ይህ ሁሉ የነጻ ሰው መንገድ ነው። በስውር የሚደረግ ብድር መላሽነት ግን በዳዩን አያገኘውም። በእኛ አገር ጎርፍ ከደጋ ሲነሣ የሚተኛው ቆላ ላይ ነው። የጐደለ ገንዘብም እንደዚሁ ነው፤ ከባለ ሀብቱ ወደ ሥራ አስኪያጁ፣ ከሥራ አስኪያጁ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ከእርሷም ወደ ሁለቱ ሸክመኞች ሲወርድ አይቻለሁ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ምክሬ አጭር ነው። መልሳችሁን ከገንዘብ ተቀባዩ ፊት ቈጥራችሁ ተቀበሉ፤ ቢጐድል እንደምትናገሩ ሁሉ ቢተርፍም ተናገሩ። ሳይቈጠር የታለፈ ዕቃ ከቅርጫታችሁ ብታገኙ «ይህ ቀርቷል» በሉ። ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ካወቃችሁት ደግሞ ሳይመሽ ተመለሱ፤ ያደረ እንደ ሆነ ምክንያት ይወልዳልና። በአዲሱ ሱቅ ሻጭ እፍኝ ጨምሮ አይመርቅም። ገዢ ግን ባልታየበት ሰዓት የሰውን ገንዘብ ሲመልስ ለዚያች ልጅና ከእርሷ በታች ላሉት ምርቃት ይሆናል። እኔ በዚያች የግንቦት ቀን ተመልሼ ቢሆን ኖሮ ድካሙ የግማሽ ሰዓት መንገድ ብቻ ነበር።