ቀሩ ሲባል

ብርቅ ከሆኑት የጥንት አውቶሞቢሎች መካከል ስንቶቹ ዛሬም በመንገድ ላይ ይገኛሉ? ጥያቄው ሲነሣ የሒሳብ ጉዳይ ይመስላል። የፋብሪካውን መዝገብ የሚያገላብጥ፣ የሻንሲ ቁጥር የሚለቅም፣ የጠፋውን ካለው የሚለይ ትጉህ ሰው ከተገኘ መልሱ በአንድ አኀዝ የሚያልቅ ይመስላል። እንዲህ ያሉ ትጉሃንም በየአገሩ አሉ፤ ድካማቸውም የሚናቅ አይደለም። ኤቶሬ ቡጋቲ ለነገሥታት ብሎ ያሰናዳት፣ «ሮያል» የተባለችው ግዙፍ መኪና ሰባት ብቻ ተሠርታ ስድስቱ እስከ ዛሬ እንዳሉ በእርግጠኝነት መናገር የተቻለው በእነርሱ ልፋት ነው።

ነገር ግን በዚህ ቆጠራ ውስጥ አንድ ቃል ሳይመረመር ያልፋል። ቃሉም «ቀሩ» የሚለው ነው። «አንድ ልጅ ቀራት» ሲባል አንዱ ተረፈላት፣ አለላት ማለት ነው፤ «ዘምቶ በዚያው ቀረ» ሲባል ግን ሰውየው ላይመለስ ጠፋ ማለት ነው። አማርኛ መትረፍንና መጥፋትን በአንድ ግስ ማሰሩ ለሰዋስው መምህራን ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ለጥንት መኪና ቆጣሪ ግን ከባድ እንቅፋት ነው። ስድስቱ ሮያሎች ቀሩ ስንል በየትኛው ፍች ነው?

ከስድስቱ አንዷን እንውሰድ። በመጀመሪያ አርማን ኤስደር ለተባለ የልብስ ፋብሪካ ባለቤት የተሠራች ክፍት መኪና ነበረች። ሰውየው በማታ አይነዳም ነበርና የፊት መብራት እንኳ አልተደረገላትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ እጅ ስትገባ ያ ውብ ካሮሴሪያ ተነሥቶ፣ ቢንደር የተባለው የፓሪስ ካሮሴሪያ ሠሪ ቤት የተሸፈነ አካል አለበሳት። የቀድሞው አካል ጠፋ። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ በፈረንሳይ ሙሉዝ ከተማ በሚገኘው ሙዚየም፣ ከተገኙ መለዋወጫዎች የጥንቱን መልክ የተከተለች ሌላ መኪና ተሠራች፤ እርሷም መብራት የላትም። እንግዲህ የኤስደር መኪና የትኛዋ ናት? ሻንሲውን ይዛ መልኳን የለወጠችው ናት? ወይስ መልኩን ይዛ ሻንሲው የሌላት? መዝገቡ ያለ ማመንታት የመጀመሪያዋን ይቆጥራል፤ ቁጥሩ የተመታው እዚያ ላይ ነውና።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክዳኑ በየጊዜው ይለወጣል፤ ግድግዳው ይፈርስና እንደ ገና ይመረጋል፤ ምሰሶው ምስጥ ሲበላው ሌላ ይተከላል። ከመቶ ዓመት በኋላ ከመጀመሪያው እንጨትና ጭቃ ምንም ላይገኝ ይችላል። ሆኖም ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ የሚል ምእመን የለም፤ ታቦቱ አለና፤ ቅዳሴውም አልተቋረጠምና። ከዚህ ተነሥቶ የመኪና ታቦቱ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይመስል ይሆናል። ጥያቄው ግን በለንደን ከተማ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። «አሮጌው ቁጥር አንድ» በመባል የምትታወቀው የቤንትሊ መኪና እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 በፈረንሳይ ለማን የሚካሄደውን የ24 ሰዓት ውድድር በተከታታይ አሸነፈች። ከዚያ በኋላም አላረፈችም። ሞተሯ ተለወጠ፤ ሻንሲዋ ተለወጠ፤ በ1932 ብሩክላንድስ በተባለው የውድድር ሜዳ ከመንገዷ ወጥታ ነጂዋ ክላይቭ ደንፊ ሞተ፤ እርሷም እንደ ገና ታንጻ ተነሣች። በ1990 ባለቤቷ በአሥር ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጣት ተስማማ። ገዢዎቹ ግን ይህች ያቺ አይደለችም ብለው ገንዘቡን ለመክፈል እምቢ አሉ፤ ክርክሩም ዳኛ ኦተን ዘንድ ቀረበ። ሲመረመር ከ1929ኙ መኪና ተረፉ ሊባሉ የሚችሉት እንደ ፔዳል ዘንግ፣ እንደ ካምቢዮ ቅርፊትና እንደ መሪ ዘንግ ያሉ ጥቂት ክፍሎች ሆነው ተገኙ። ዳኛው ግን ለሻጩ ፈረዱ። መኪናይቱ አንድ ቀን ሞታ ሌላ ቀን በሌላ አልተተካችም፤ በአንድ ስም፣ በማይቋረጥ ታሪክ፣ ከአንዱ ውድድር ወደ ሌላው እየተለወጠች ዘልቃለች፤ ስለዚህ ራሷ ናት አሉ።

ፍርዱ ትክክል ነው። ትክክል መሆኑ ግን ለሰብሳቢዎች የሚመች አይደለም። ምክንያቱም አንዲት መኪና ብረቷ ሁሉ ተለውጦም ራሷ ሆና የምትኖረው በሥራዋ ቀጣይነት ከሆነ፣ ብረቷ ሁሉ ሳይነካ ሥራዋ የተቋረጠባት መኪናስ ምን ልትባል ነው? ቀረች እንዴት ይባላል?

ይህን ለማየት ወደዚያው ወደ ሙሉዝ መመለስ ያስፈልጋል። ሃንስና ፍሪትዝ ሽሉምፍ የተባሉ ወንድማማቾች በአልዛስ አውራጃ የሱፍ ፈትል ፋብሪካዎች ባለቤቶች ነበሩ። በፋብሪካ አዳራሻቸውም ውስጥ ከሰው ዓይን ሰውረው ጥንታዊ መኪናዎችን ያከማቹ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ገበያው ወድቆ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ወንድማማቾቹ ወደ ስዊስ ሸሹ። በመጋቢት 1977 ሥራ ያጡት ሠራተኞች ሕንጻውን ሲይዙ በውስጡ ከአራት መቶ በላይ አውቶሞቢሎች ተደርድረው አገኙ። ከመቶ የሚበልጡት ቡጋቲዎች ሲሆኑ ሁለቱ ሮያሎች ነበሩ። ሠራተኞቹ አዳራሹን ለሁለት ዓመት ያህል በእጃቸው አቆይተው፣ የደመወዛቸው ገንዘብ የት እንደ ገባ ሕዝብ መጥቶ እንዲያይ በሩን ከፈቱ። የፈረንሳይ መንግሥት ስብስቡን በ1978 በታሪካዊ ቅርስነት መዘገበው፤ በ1982ም ሙዚየም ሆነ።

በዚያች የመጋቢት ቀን ሠራተኞቹ የቆሙበትን ስፍራ በዓይነ ኅሊና ለተመለከተ፣ «ስንት ቀሩ?» የሚለው ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። መኪናዎቹ አልጠፉም፤ ከአቧራና ከዝገት ተጠብቀዋል። ነገር ግን አንዲቱ መኪና እንኳ አንድ ሠራተኛ ወደ ቤቱ አላደረሰችም፤ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ወደ ሐኪም አልወሰደችም። ለመሄድ የተሠራ ነገር ከመሄድ ታቅቦ፣ የሌሎች ሰዎች ድካም ለመቆሙ ዋጋ ሆኖ ተከፍሏል።

በዚህ ላይ የሚቀርበው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የሚሠራ ነገር ያልቃል። በ1930 የተቀባ ቀለም አንዴ ከተፋቀ የሠሪው እጅ የተወውን ምልክት መልሶ የሚያመጣ ጠቢብ የለም። ቡጋቲ አራት ብቻ የሠራት «አትላንቲክ» የተባለች ውብ መኪና አለች። ከአራቱ አንዷ በጦርነቱ ዘመን ደብዛዋ ጠፋ፤ ሌላዋ በ1955 በፈረንሳይ የባቡር ሐዲድ ስታቋርጥ በባቡር ተመትታ ተሰባበረች፤ በውስጧ የነበሩትም ሞቱ። ያቺ መኪና በአዳራሽ ተቆልፋ ቢሆን ኖሮ ብረቷም ሰዎቹም በተረፉ ነበር። ሮያሎቹም ራሳቸው ቢሆኑ ከጀርመን ወራሪዎች እጅ ያመለጡት ጥቂቶቹ ኤርመኖንቪል በተባለ መንደር በግንብ ታጥረው በመደበቃቸው ነው። መደበቅ አንዳንድ ጊዜ ያድናል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን የግንቡ አጥር የተሠራው ጦርነቱ እስኪያልፍ ነበር። ጦርነት በሌለበት የሚታጠረው ግንብ ከማን ለመሰወር እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ የሐቫና ጎዳና አለ። ከ1959 አብዮትና ከ1962ቱ የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ በኋላ በኩባ የቀሩት የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ሸቭሮሌዎች፣ ቢዩኮችና ዶጆች መለዋወጫ ሲያጡ ከሶቪየት መኪናዎች ሞተር እየተገጠመላቸው፣ የጎደለውን ሠራተኛው ራሱ እየቀጠቀጠ ሠርቶላቸው፣ ተሳፋሪ ሲያመላልሱ ኖረዋል። የሰብሳቢ መዝገብ እነዚህን በንቀት ያልፋቸዋል፤ ሞተሩ የእርሷ አይደለም፣ ፍሬኑ የእርሷ አይደለም ይላል። የአዲስ አበባ መካኒክ ግን ነገሩን ሳይነግሩት ያውቀዋል። ሕዝቡ ቮልስ የሚላትን፣ የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችውን መኪና ከሌላዋ ነቅሎ በገጠመው ክፍል አስነሥቶ ሲያሰናብት፣ የሄደችው ማን ናት ብሎ አይጨነቅም። ቮልስ ብርቅ አይደለችም፤ ከሃያ አንድ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ብርቅ ባለመሆኗም ለመሥራት ተፈቅዶላታል።

በሙሉዝ ሙዚየም ግቢ ዛሬ አጭር የመንዳት ሜዳ አለ። በተወሰኑ ቀናት ከስብስቡ ጥቂት መኪናዎች ይወጡና በተመልካች ፊት ይዞራሉ፤ ዙሩ ሲያበቃ ወደ አዳራሹ ይመለሳሉ። ቆጣሪው ያን ዕለት መዝገቡን ይዞ ቢመጣ በመንገድ ላይ እንዳሉ ይጻፋቸው ወይስ አይጻፋቸው?