ዕቃን መያዝና በዕቃ መያዝ

በዚህ ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣት የማይችል ሰው የለም ለማለት ይቻላል። ተሳላሚው በኪሱ በያዘው ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ መቶና ሁለት መቶ ሥዕል ቢያነሣ አንዲት ሳንቲም አያወጣም። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ ፊልም የሚጎርሱትን አሮጌ ካሜራዎች ከየገበያውና ከየዕቃ ቤቱ ጥግ እየፈለጉ የሚገዙ፣ የሚጠርጉ፣ የሚጠግኑና በመደርደሪያ የሚያኖሩ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። ከእነርሱም አንዳንዱ አምስት፣ አንዳንዱ አምስት መቶ አለው።

ይህን የሚያዩ ሰዎች ፍርዳቸው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን «ይህ የሕፃን ጨዋታ ነው፤ ጊዜውም ገንዘቡም ለከንቱ ጠፋ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የቀደሙትን ጠቢባን የእጅ ሥራ ማክበር ነው፤ ምን ነውር አለበት?» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ፈጥነው ፈረዱ። ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ዕቃን የያዘው መቼ ነው፣ ዕቃስ ሰውን የያዘው መቼ ነው የሚለው ነው። ይህም ጥያቄ ካሜራ ነክቶ ለማያውቅ ሰው ሁሉ ይደርሳል፤ የሚወደው መጽሐፍ ያለውም፣ የሚወደው መቋሚያ ያለውም ይጠየቅበታልና።

አስቀድሞ ዕቃው ስለ ምን እንደ ተሠራ ማወቅ ይገባል። ካሜራ የሚለው ቃል በላቲን ቋንቋ ክፍል ማለት ነው። ነገሩም በእውነት ጨለማ ክፍል ነው፤ በአንዲት ቀዳዳ ብርሃን ይገባል፤ የገባውም ብርሃን በውጭ ያለውን ነገር በውስጥ ይሥለዋል። በቀድሞው ጊዜ ፎቶግራፍ አንሺ የሚባለው ከባድ የእንጨት ሣጥን፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና የመስተዋት ሰሌዳዎች በበቅሎ አስጭኖ የሚዞር ሰው ነበረ። በ1900 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ አገር የሚገኘው የኮዳክ ድርጅት ብራውኒ የተባለችውን ትንሽ የካርቶን ሣጥን ካሜራ በአንድ ዶላር ለገበያ አወጣ፤ ያን ጊዜ ሕፃናትና ድኾች ሳይቀሩ የወላጆቻቸውን መልክ ሊያስቀሩ ቻሉ።

በጀርመን አገር ደግሞ፣ በቬትስላር ከተማ ማይክሮስኮፕ በሚሠራው በላይትስ ቤት፣ ኦስካር ባርናክ የሚባል ባለ እጅ ነበረ። ይህ ሰው የአስም ሕመም ስለ ነበረበት ከባዱን መሣሪያ ተሸክሞ ተራራ መውጣት ይቸግረው ነበር። ስለዚህ ለሲኒማ የተሠራውን ቀጭን ፊልም የምትጎርስ፣ በኮት ኪስ የምትገባ ትንሽ ካሜራ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር በተቃረበበት ጊዜ ሠራ። ጦርነቱና ከእርሱም በኋላ የመጣው ችግር ሥራውን አዘገየው። በመጨረሻ በ1925 ካሜራዋ ላይካ ተብላ በላይፕሲግ ገበያ ለሕዝብ ታየች። በ1929 ደግሞ ከብራውንሽቫይክ ከተማ ሮላይፍሌክስ የተባለው መጣ፤ ይህም አንዱ ከሌላው በላይ የተቀመጡ ሁለት ሌንሶች ያሉት ነው፤ በላይኛው ይታያል፣ በታችኛው ይነሣል።

እንግዲህ ብራውኒ የተሠራችው ለድኻ እንድትደርስ ነው፤ ላይካም የተሠራችው የደከመ ሰው እንዲሸከማት ነው። ሁለቱም ሰው በእነርሱ በኩል ሌላ ነገር እንዲያይ ተሠሩ። ካሜራ እንደ መስኮት ነው። መስኮት የሚወደደው ከወዲያ ያለውን ስለሚያሳይ ነው፤ ማዶውን ረስቶ የመስኮቱን ክፈፍ ብቻ ሲያይ የሚውል ሰው ግን ቤቱን ያለ ብርሃን ያስቀረ ያህል ነው።

በአሮጌ ካሜራ በትክክል የሚሠራ ሰው ከእርሱ የሚማረው ብዙ ነው። የላይካ ፊልም የሚበቃው ለ36 ሥዕሎች ነው፤ የሮላይፍሌክስ ደግሞ ለ12 ብቻ። ፊልሙ ይገዛል፣ ማሳጠቢያውም ይከፈላል። ስለዚህ ጣት ከመጫኑ በፊት ዐይን ይመዝናል፤ «ይህ ነገር ሊነሣ ይገባዋልን?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙዎቹ አሮጌ ካሜራዎች የብርሃን መለኪያ የላቸውም፤ ባለቤቱ ራሱ የቀኑን ብርሃን ማንበብ አለበት። የፊልሙ ኃይል 100 ቢሆን፣ በጠራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርጎ መዝጊያውን ለሰከንድ አንድ መቶኛ ያህል መክፈት እንደሚበቃ ልማድ ያስተምረዋል። በኢየሩሳሌም ግን በቀትር ጊዜ ነጩ ድንጋይ ብርሃኑን መልሶ ይወረውራልና ተጠንቅቆ ይቀንሳል፤ በጠባቡ መንገድ ከቅስት በታች ሲገባ ደግሞ ይጨምራል። እንዲህ እያደረገ፣ ከዚያ ቀደም ሳያስተውል ያልፍበት የነበረውን ጥላና ብርሃን ማስተዋል ይጀምራል።

በሮላይፍሌክስ የሚያነሣ ሰው ካሜራውን በሆዱ አጠገብ ይዞ ራሱን ወደ ታች ዘንበል ያደርጋል። በመስተዋቱ ላይ የሚያየውም ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ የሆነ ነው፤ ስለዚህ መቸኰል አይሆንለትም። ፊልሙን ካነሣ በኋላም ሥዕሉ ወዲያው አይታይም። ብርሃኑ በፊልሙ ላይ ያሉትን የብር ቅንጣቶች ነክቷቸዋል፤ ሥዕሉም በእርግጥ በዚያ አለ፤ ነገር ግን በጨለማ ክፍል በመድኃኒት እስኪታጠብ ድረስ የማንም ዐይን አያየውም። ባለቤቱ ይጠብቃል። ያነሣውን ያውቃል፤ ምን እንደ ሆነ ግን አያውቅም።

ይህን ሲሉ ግን ማጋነን አይገባም። ዕቃ ለሰው ትዕግሥት አይሰጠውም። ሠላሳ ስድስቱንም በችኰላ የሚጨርስ አለ፤ በስልኩም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ቆሞ አንዲት መልካም ሥዕል የሚያነሣ አለ። አሮጌው ካሜራ የሚያደርገው ችኰላን ውድ፣ ማስተዋልን ርካሽ ማድረግ ነው፤ የቀረው የሰውየው ፈንታ ነው።

ከዚህ በኋላ የነገሩን ሌላ ገጽ ማየት ያስፈልጋል። የሰብሳቢዎች ገበያ ሕጉ እንዲህ ነው፤ ሁለት ዓይነታቸው አንድ የሆነ ካሜራዎች ቢቀርቡ፣ ከነሣጥኑ ያለው፣ ጭረት የሌለበት፣ ፊልም ጎርሶ የማያውቀው በዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ሰብሳቢው ዕቃውን በሠራበት ቁጥር ገንዘቡን የሚያቃጥል ይመስለዋል። መጀመሪያ በጥንቃቄ ይነካዋል፤ ቀጥሎ በጓንት ይነካዋል፤ በመጨረሻም ጨርሶ አይነካውም። ከዚያ ወዲያ ሌባን ይፈራል፣ እሳትን ይፈራል፣ የልጁንም እጅ ይፈራል። አምስት መቶ መስኮት አለው፤ በአንዱም ስንኳ ወደ ውጭ አያይም።

የሚያስገርመው ግን ዕቃው ራሱ በዚህ ሰው ላይ መመስከሩ ነው። ሌንስ በጨለማና በእርጥበት ተዘግቶ ሲቀመጥ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይበቅልበታል፤ ሻጋታውም መስተዋቱን እስከ መብላት ይደርሳል። ለዘመናት ያልተነካ መዝጊያ ቅባቱ ይረጋና ይያያዛል፤ በተለይ የሰከንድን ሩብና ግማሽ የሚቈጥረው ቀርፋፋው ክፍል ፈጽሞ ይቆማል። እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋው የታጣፊ ካሜራ ቆዳም በማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ጠጋኞች ሁሉ የሚመክሩት አንድ ነገር ነው፤ ካሜራውን አየርና ብርሃን ባለበት አኑረው፣ በየጊዜውም መዝጊያውን ሥራ አሠራው ይላሉ። ያለ ልክ ማሠራትም እንዲሁ ይጎዳል፤ የላይካን ሌንስ ሳይከድን ለፀሐይ አቅንቶ የተወ ሰው ፀሐይዋ የመዝጊያውን ጨርቅ ትበሳበታለች። ስለዚህ ዕቃው የሚፈልገው ጠባቂ ነው፤ የሚቀብረውንም የሚያባክነውንም አይፈልግም።

በ2022 በቬትስላር በተደረገው ጨረታ አንዲት ላይካ 14.4 ሚሊዮን ዩሮ አወጣች። ይህን የሰማ ሁሉ «ለአንዲት የብረት ሣጥን!» ብሎ ቢደነቅ አይፈረድበትም፤ በዚያ ገንዘብ ስንት ረኀብተኛ ይጠግብ ነበር። ነገር ግን ስለ ምን ይህን ያህል እንዳወጣች መመርመር ይጠቅማል። ቍጥሯ 105 የሆነው ይህች ካሜራ ካሜራው ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ለሙከራ ከተሠሩት ጥቂቶች አንዷ ናት፤ የባርናክ የራሱ ነበረች፤ ስሙም ተቀርጾባታል። እርሱም እየሠራባት ጉድለቷን መርምሮ ለኋለኞቹ ካሜራዎች ማሻሻያ አደረጋት። ጭረትን እንደ ነውር የሚቈጥረው ገበያ ከሁሉ አብልጦ የከፈለው እጅ ለሠራባት ካሜራ ነው። ሰው ዕቃን ሲያከብር ሳያውቀው የሚያከብረው በዕቃው የተሠራውን ሥራ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

ይሁን እንጂ ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ አለ። በግብፅ በረሃ ከነበሩት አባቶች አንዱ አባ ቴዎድሮስ ዘፈርማ ሦስት መልካም መጻሕፍት ነበሩት። እርሱም ይጠቀምባቸው ነበር፤ ለወንድሞችም ያውሳቸው ነበር። ምን ማድረግ እንደሚሻለው አባ መቃርስን ቢጠይቀው፣ አባ መቃርስ ማንበብ መልካም ቢሆንም ምንም አለመያዝ ከሁሉ እንደሚበልጥ ነገረው፤ እርሱም ሸጦ ለድኾች ሰጠ። እነዚህ መጻሕፍት በመደርደሪያ ሻጋታ የበላቸው አልነበሩም፤ ሥራ የሚሠሩ፣ ለሌላም የሚተርፉ ነበሩ። ታዲያ ያንን መተው ከበለጠ፣ ካሜራ ሰብሳቢው ምን ይላል? «እኔ እሠራበታለሁ» የሚለው መልስ ብቻውን አያድነውም።

በእርግጥ የመነኩሴ ሕግና የባለ ትዳር ሕግ አንድ አይደለም፤ ሰብሳቢው ሁሉ መደርደሪያውን ይሽጥ ተብሎ አይፈረድም። ነገር ግን የአባ ቴዎድሮስ ሥራ ለሁሉ የሚሆን መለኪያ ይተዋል። በጠየቀ ጊዜ እጁ አስቀድሞ ተከፍታ ነበር፤ መልሱ ምንም ቢሆን ሊፈጽመው ዝግጁ ነበረ። ዕቃን የያዘ ሰው ማለት ይህ ነው። ለመስጠት ሲጠየቅ ልቡ የሚደማ፣ ሌሊት ተነሥቶ የሚቈጥር ግን እርሱ ራሱ ተይዟል፤ አንድ ካሜራ ቢኖረውም እንኳ።

በኢየሩሳሌም ከተማ ለዚህ ነገር የሚረዳ ታሪክ አለ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት እኩሌታ አካባቢ፣ በአርመኖች በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም፣ ኢሳይ ጋራቤድያን የሚባል አባት የፎቶግራፍን ጥበብ ተምሮ በገዳሙ ውስጥ ለወጣቶች ያስተምር ነበር፤ በኋላም ፓትርያርክ ሆነ። ከእርሱ ከተማሩት አንዱ ጋራቤድ ክሪኮርያን በከተማዋ የታወቀ ፎቶግራፍ ቤት ከፈተ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሥራውን ወረሱ። የዚያን ዘመን የመኳንንትና የካህናት መልክ እስከ ዛሬ የሚታወቀው በእንደነዚህ ያሉ ባለ እጆች ሥራ ነው። እንደዚሁም በኢየሩሳሌም የአሜሪካን ኮሎኒ ከተባለው ማኅበር የተነሣው ኤሪክ ማትሶን፣ ከ20,000 በላይ የሆኑትን ኔጌቲቮች በ1966 በዋሽንግተን ለሚገኘው ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ዛሬ ማንም ሰው የቀድሞዋን ኢየሩሳሌም በሮች፣ ገበያዎችና ተሳላሚዎች በእነዚያ ሥዕሎች ያያል።

ጋራቤድያን ጥበቡን ለደቀ መዛሙርት አስረከበ፤ ማትሶንም የሥራውን ፍሬ ለሁሉ በሚደርስበት ቦታ አኖረ። ሰብሳቢም ከእነርሱ የሚማረው ይህን ነው። ሰው ይሞታል፤ መደርደሪያው ይቀራል። የካሜራዎቹን ስም የማያውቁ ወራሾች ሁሉን በአንድ ሣጥን ጨምረው ለቆራሊዮ ይሰጡታል። በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ያስጻፈው ሰው ስምና መጽሐፉ የተሰጠበት ቦታ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ ሰብሳቢውም በእያንዳንዱ ካሜራ ውስጥ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ቢያኖር መልካም ነው፤ ምን ዓይነት ፊልም እንደሚጎርስ፣ ጀርባው እንዴት እንደሚከፈት፣ ከማን እንደ መጣና ለማን እንደሚሆን ይጻፍበት። «ለማን» የሚለውን መስመር መጻፍ የከበደው ሰው የልቡን ሁኔታ በዚያ ያውቃል።

እንግዲህ አሮጌ ካሜራ የሚወድ ሰው ራሱን በጥቂት ነገር ይመርምር። የገዛበት ገንዘብ ከቤተ ሰቡ እንጀራ ወይም ከተበዳሪነቱ የተነጠቀ ነውን? በዚህ ዓመት በስንቱ ሥዕል አነሣበት? የሰው መልክ ሊያነሣስ ሲል፣ ፊልሙ ጥቂት ስለ ሆነ ሰውየውን ቀርቦ ሰላም ብሎ ያስፈቅዳልን፣ ወይስ እንደ አዳኝ ከሩቅ ይነጥቃል? በተለይ በቅዱሳን ቦታዎች በጸሎት ላይ ያለ ሽማግሌ ለካሜራ ምርኮ አይደለም፤ መዝጊያው ቢጮኽ ይሰማል። በመጨረሻም፣ ጥበቡን ለማን አስተማረ?

ፊልም ዛሬም በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ይሠራል፤ የሚያጥቡም አልጠፉም። ስለዚህ አሥር ካሜራ ያለው ሰው በሰፈሩ ለመማር የሚሻ አንድ ልጅ ቢያገኝ፣ ከአሥሩ ደህና የሚሠራውን መርጦ አንድ ጥቅል ፊልም ጨምሮ ይስጠው፤ አጎራረሱንም ያሳየው። ልጁ የመጀመሪያውን ፊልም አበላሽቶ ይመለስ ይሆናል። ያን ጊዜ ሁለተኛ ጥቅል ይስጠው።