ደም መመለስና ደም መስጠት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአገራችን በጎጃም ስለ ደም ብዙ ይነገራል። ወንድሙ የተገደለበት ሰው «ደሜን ሳልመልስ እንቅልፍ አይወስደኝም» ይላል። ካህናትና ሽማግሌዎች መስቀል ይዘው በመካከል እየገቡ ስንቱን ደም አድርቀዋል! የአቤል ደም ከምድር ወደ እግዚአብሔር በጮኸ ጊዜ ቃየል ስለ ወንድሙ ተጠየቀ። እኛም እንጠየቃለን። ሰው ያልገደልን ብንሆንም፥ ደሙ እየፈሰሰ የሚሞተውን ወንድማችንን አይተን ብናልፍ ምን ብለን እንመልሳለን?

ከሁሉ በፊት የወለደችን እናት እናስብ። ልጁ በሰላም ይወለዳል፤ እንግዴ ልጁም ይወጣል፤ ደሙ ግን አልቆም ይላል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነፍሷ ልታልፍ ትችላለች። እ.ኤ.አ. ከ1818 ጀምሮ በለንደን ጄምስ ብለንደል የተባለ የማዋለጃ ሐኪም የሰውን ደም ለሰው ይሰጥ ነበር። ከታማሚዎቹ አንዳንዶቹ ዳኑ፤ ሌሎቹ ግን ሞቱ። ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም።

ምክንያቱን ያገኘው በቪየና ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ካርል ላንድስታይነር ነው። የራሱንና የባልደረቦቹን ደም ወስዶ፥ ቀዩን ከፈሳሹ ለይቶ፥ የአንዱን ከሌላው ጋር ቀላቀለ። አንዳንዱ በሰላም ተዋሐደ፤ አንዳንዱ ተጓጎለ። በዚህም የሰው ደም ዓይነቱ ልዩ ልዩ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1901 አስታወቀ። ዛሬ ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ የምንላቸው የተለዩት ከዚህ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የተወለደበት ቀን እ.ኤ.አ. ጁን 14 ዛሬ በዓለም ሁሉ የደም ለጋሾች ቀን ሆኖ ይከበራል።

ወንድሞቼ፥ እኅቶቼ፥ በዚህ ግኝት ውስጥ ያለውን ትምህርት አስተውሉ። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» እንደሚባለው፥ ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች ደማቸው ላይስማማ ይችላል። የማያውቁት መንገደኛ ደም ግን ሊስማማ ይችላል። የደመኛህ ልጅ ደምም የአንተን ልጅ ሊያድን ይችላል። እኛ በዘር ቆጥረን የለየነውን ፈጣሪ በደም አልለየውም። ጌታችን ባልንጀራ ማን እንደሆነ ሲያስተምር፥ የቆሰለውን ያነሣው ሳምራዊ እንጂ ዘመዱ እንዳልነበረ ነግሮናል።

በኢትዮጵያ የደም ባንክ አገልግሎት በቀይ መስቀል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1969 ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። ቀደም ሲል አብዛኛው ደም የሚገኘው ከታማሚው ዘመድ ነበር። ዘመድ የሌለው ምን ይሁን? ስለዚህ ዛሬ የሚፈለገው ያለ ክፍያ፥ በፈቃዱ የሚሰጥ ሰው ነው። በደብረ ማርቆስም የደም ባንክ አለ። ከዲማ ገጠር ወደዚያ ሆስፒታል በቃሬዛና በመኪና የምትደርስ ወላድ፥ ደሙ አስቀድሞ ተቀምጦ ካልጠበቃት፥ መድረሷ ብቻ አያድናትም።

«ደሜ ያልቃል» ብሎ የሚፈራ አለ። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ አምስት ሊትር ያህል ደም ይገኛል፤ የሚወሰደው ከ450 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ፈሳሹ በአንድ በሁለት ቀን፥ ቀዩ በሳምንታት ውስጥ ይተካል። መርፌው አዲስ ነው፤ ለሌላ ሰው አይደገምም። ዕድሜው 18 የሞላ፥ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። የተሰጠው ደም ከኤች አይ ቪ፥ ከጉበት በሽታና ከቂጥኝ ነፃ መሆኑ ይመረመራል። ባዶ ሆድ መስጠት ስለማይገባ፥ በጾም ወራት የንስሐ አባትን አማክሮ ቀን መምረጥ ይበጃል። ቀዩ ደም በማቀዝቀዣ የሚቆየው 35 ቀን ያህል ነው፤ ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን ተሰብስበን ሰጥተን የምንረሳው ሥራ አይደለም።

በዲማ ጊዮርጊስ ስሙን የምንጠራው ሰማዕት ደሙን ስለ እምነቱ አፈሰሰ። ጌታችንም ጠላቶቹ ሳለን ደሙን ስለ እኛ ሰጠ። እኛ የምንጠየቀው እንደዚያ እስከ ሞት አይደለም፤ የግማሽ ሰዓት ጊዜና የአንድ መርፌ ሕመም ነው። እንግዲህ ዕድሜያችን የደረሰ ተቀጣጥረን አብረን እንሂድ፤ ያልደረሰ ታላላቆቹን ያስታውስ። አባቶቻችን ደም ሲያደርቁ ኖሩ፤ እኛ ደግሞ ደም እንስጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።